የሐጂ ዓሊ ግመሎች

ባለፈው ጥር ከወዳጆቼ ጋር በሞተርሆም (አልጋውም ምድጃውም አብሮህ የሚጓዝ መኪና) የአሪዞናን በረሃ አቋረጥን። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ነፋሱ ያንን ረጅም መኪና ከጎን ሲገፋው ሾፌራችን መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እኔ ደግሞ ጸሎት ላይ ነበርኩ። ኳርትዛይት ስንደርስ ሜዳው በሞተርሆም ተሞልቷል። የሰሜኑን ብርድ የሸሹ ጡረተኞች ናቸው።

የታሪክ መምህር አርፎ አይቀመጥምና መቃብር ቦታው ሄድኩ። እዚያ ጫፉ ላይ ግመል የቆመበት ትንሽ የድንጋይ ፒራሚድ አለ። ከሥሩ ያረፈው በ1902 የሞተው ሐጂ ዓሊ ነው። (ዘመኑ የፈረንጅ ነው ተማሪዎቼ፣ እንዳትሟገቱኝ!)

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1850ዎቹ የአሜሪካ ጦር ሚኒስትር የነበረው ጄፈርሰን ዴቪስ፣ ኋላ የደቡቦቹ መሪ የሆነው፣ ለበረሃው ግመል ይሻላል አለ። በ1856 ከሜዲትራንያን ማዶ የተገዙ ግመሎች ቴክሳስ ወረዱ። በ1857 የቢል ቡድን እስከ ኮሎራዶ ወንዝ የጋሪ መንገድ ሲቀይስ ጭነት ተሸከሙ። ግመል ውሃ ሳያስቸግር ይሄዳል፤ በቅሎዎቹ ግን ይደነብሩ ነበር፣ ወታደሩም አልወደዳቸውም። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲመጣ ሙከራው ቀረ። ገሚሶቹ ተሸጡ፣ ገሚሶቹ በረሃ ቀሩ።

ሐጂ ዓሊ ከኦቶማን ግዛት ከመጡት ነጂዎች አንዱ ነበር። ስሙን መጥራት ስላልሆነላቸው «ሃይ ጆሊ» አሉት። በ1935 የቆመው ሐውልትም የሚለው ይህንኑ ነው።

እኔም እዚህ አገር በቅጽ ምክንያት በአባቴ ስም ነው የምጠራው። ኮፍያዬን ከነፋሱ ይዤ፣ ጮክ ብዬ «ሐጂ ዓሊ!» አልኩት።