እንጦጦ ላይ የማይታየው ሸክም

ቅዳሜና እሑድ የአዲስ አበባ ሰው እንጦጦ ፓርክ ይወጣል። በዛፍ ጥላ ይራመዳል፣ ብስክሌት ይነዳል፣ ከተማዋን ቁልቁል እያየ ፎቶ ይነሳል። ከራሱ በላይ የሚያገኘው ዛፍ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ እንግድነቱን ይናገራል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ይህ እንግዳ ባይመጣ ኖሮ ግን ከተማዋ ዛሬ ባለችበት ላትገኝ ትችል ነበር።

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1870ዎቹ፣ መናገሻቸውን እንጦጦ ላይ አደረጉ። ተራራው ለመከላከል ቢመችም ለኑሮ አልተመቸም። ብርዱና ነፋሱ ከባድ ነበር፤ ማገዶም እየራቀ ሄደ። በ1879 ዓ.ም. ጣይቱ ብጡል ፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም ሠራዊቱም ተከትለው ወረዱ።

ችግሩም አብሯቸው ወረደ። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በየቀኑ እንጀራ ይጋግራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ ጎጆ ይቀልሳል። በዙሪያው የነበረው ጥድና ወይራ እየተቆረጠ አለቀ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው እዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በኋላ ሐሳቡ ቀረ፤ ቤተ መንግሥቱም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ሐሳቡ እንዲቀር ካደረጉት ነገሮች ዋናው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። መንግሥትም ሰው እንዲተክለው አበረታታ። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ከተማዋ ደን ውስጥ ያለች መሰለች። ዛፉ ምንጭ ያደርቃል የሚል ስሞታ ቢነሳም፣ እንዲነቀል ቢታዘዝም፣ ትእዛዙን የፈጸመ አልነበረም። ማን ምድጃውን ያጠፋል?

ይህ ሁሉ ማገዶ ግን በራሱ እግር ወደ ከተማ አልወረደም። ያወረዱት ሴቶች ናቸው። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የእንጦጦ እናቶችና ልጃገረዶች ጎህ ሳይቀድ ወጥተው፣ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ ከቁመታቸው የሚረዝም እስር በጀርባቸው አዝለው፣ ከደን ጠባቂ እየተደበቁ ቁልቁለቱን ወርደዋል። የከተማዋ ምጣድ የጋለው በእነሱ ወገብ ነው።

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፈተ። ከጎኑ ባለው የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከል ደግሞ አገር በቀል ዛፎች ወደ ቦታቸው እየተመለሱ ነው። ሁለቱም ደግ ሥራ ናቸው፤ ከተማ መተንፈሻ ያስፈልጋታል። ነገር ግን የእንጦጦ ታሪክ የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ፦ እዚህ ተራራ ላይ የተገኘ መፍትሔ ሁሉ ሌላ ሸክም ፈጥሯል፤ ሸክሙም ሁልጊዜ የወደቀው አቅም በሌለው ላይ ነው። ደኑ ማገዶ መሆኑ ቀርቶ መናፈሻ ሲሆን፣ በማገዶው ልጅ ያሳደገችው ሴት ሌላ እንጀራ ማግኘት አለባት። ያለዚያ ፓርኩ የቆመው በእሷ ኪሳራ ነው።

ጎብኚው ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲያመራ የነገሥታቱን ታሪክ ያገኛል። የሴቶቹ ታሪክ ግን ደጅ የለውም፤ ያለው ዛፎቹ መካከል በእግር በተጠረገችው ቀጭን መንገድ ላይ ነው። ዛሬ ለመዝናናት የሚወጣበት ዳገት፣ ትናንት እነሱ ጎብጠው የወረዱበት ቁልቁለት ነው።