ከአዲስ አበባ ወደ ማንኪራ፦ ርቀትና የጉዞ ጊዜ

ማንኪራ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በካፋ ዞን ዴቻ ወረዳ የሚገኝ የቡና ደን ያለው ቀበሌ ነው። የአካባቢው ሰው የቡና መገኛ ይህ ስፍራ ነው ይላል። የዞኑ ዋና ከተማ ቦንጋ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ሲለካ 340 ኪ.ሜ. ያህል ይርቃል፤ በመኪና መንገድ ግን ርቀቱ 450 ኪ.ሜ. ገደማ ይደርሳል።

የመኪና መንገድ

አስፋልቱ ሰበታን፣ ወሊሶንና ወልቂጤን አልፎ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮም ዳገቱን ወጥቶ ጅማ ይገባል። እስከዚህ ድረስ 350 ኪ.ሜ. ያህል ነው። ከጅማ በኋላ በሸቤ በኩል አድርጎ እንደገና ወደ ጎጀብ ወንዝ ያዘቀዝቃል። ጎጀብ የጅማና የካፋ ወሰን ነው። ከድልድዩ ወዲያ ጊምቦ፣ ቀጥሎም ቦንጋ ይገኛሉ። ከቀጥታው መስመር ይልቅ መንገዱን ከ100 ኪ.ሜ. በላይ የሚያረዝሙት እነዚህ ሸለቆዎችና ጠመዝማዛዎቻቸው ናቸው። በቤት መኪና ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በአውቶቡስ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ይወስዳል።

ከቦንጋ ወደ ማንኪራ ያለው ርቀት አጭር ቢሆንም ሰዓቱን አስቀድሞ መገመት ያስቸግራል። ካፋ በዓመቱ አብዛኛው ወራት ዝናብ የማያጣው አገር በመሆኑ የገጠሩ መንገድ በቀላሉ ይጨቀያል። ወደ ደኑ ውስጥ የሚገባው በእግር ነው። በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለው የጫካ ቡና ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ የተመዘዘ፣ ቅርንጫፉ የሳሳ፣ ፍሬውም ከጓሮ ቡና ያነሰ ነው።

የአየር ጉዞ

የተለመደው የአየር አማራጭ ከቦሌ ጅማ በርሮ ቀሪውን በመኪና መጨረስ ነው። ከቦሌ እስከ ጅማ በአየር 260 ኪ.ሜ. ያህል ነው። በአገር ውስጥ መስመሮች የሚበረው ኪው 400 አውሮፕላን በሰዓት 650 ኪ.ሜ. ገደማ ስለሚጓዝ፣ ስሌቱ 25 ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ሆኖም መንደርደሪያ ላይ መጠበቁ፣ ከፍታ መያዙና ለማረፍ ዝቅ ማለቱ ሲደመሩ በረራው ወደ 1 ሰዓት ይጠጋል። በአጭር በረራ የሙሉ ፍጥነቱ ጊዜ ትንሽ በመሆኑ፣ ርቀትን ለፍጥነት ማካፈል ብቻውን ትክክለኛውን ሰዓት አይሰጥም።

ከረጅም በረራ ጋር ሲነጻጸር

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሳኦ ፓውሎ የሚያደርገው በረራ ተቃራኒውን ያሳያል። ርቀቱ 9,900 ኪ.ሜ. ያህል ሲሆን ያለማቋረጥ ሲበረር 12 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። እዚህ አብዛኛው ሰዓት በሙሉ ፍጥነት ስለሚያልፍ ስሌቱና እውነቱ ይቀራረባሉ። የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ በሰዓት አቆጣጠር ከኢትዮጵያ 6 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተነሳ መንገደኛ እዚያ ሲደርስ የአገሩ ሰዓት ከቀኑ 9 ይሆናል። የአረቢካ ቡና ግን ከኢትዮጵያ በየመንና በአውሮፓውያን ቅኝ ግዛቶች በኩል ዞሮ ብራዚል የገባው እ.ኤ.አ. በ1727 ነው።

በመሆኑም ከአዲስ አበባ በመኪና ማንኪራ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ አትላንቲክን ተሻግሮ ሳኦ ፓውሎ ከሚያደርሰው በረራ ብዙም አያንስም፤ ዝናብ ሲኖርም ሊበልጠው ይችላል። በጅማ በኩል የሚበር ሰው የመንገዱን ትልቁን ክፍል ይቀንሳል እንጂ ከቦንጋ ወዲያ ያለውን አያሳጥርም። ለዚህኛው ክፍል ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉት ደረቅ ወራት ይመረጣሉ።