ቤቱና ወጥመዱ
የአይጥ ማጥመጃ አጭር ታሪክ

የሰው ልጅ ከሠራቸው መሣሪያዎች መካከል የአይጥ ወጥመድን ያህል የተናቀ፣ የአይጥ ወጥመድንም ያህል ብዙ አእምሮ የደከመበት ማግኘት ያስቸግራል። የአሜሪካ የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት ብቻ ለዚህች ትንሽ መሣሪያ ከ4,400 በላይ የባለመብትነት ማረጋገጫ ሰጥቷል። ለባለቤቶቻቸው ገንዘብ ያስገኙት ግን እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው። ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? መልሱን ለማግኘት ከወጥመዱ በፊት የቤቱን ታሪክ መመልከት ይገባል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የቤት አይጥ ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው እርሻ ከተስፋፋ በኋላ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። በ2017 የታተመ ጥናት ግን በዮርዳኖስ ሸለቆና በአካባቢው ከተገኙ ጥንታዊ የአይጥ ጥርሶች በመነሣት፣ ጉርብትናው ወደ 15,000 ዓመት እንደሚጠጋ አመለከተ። በዚያ ዘመን በሥፍራው የነበሩት ናቱፋውያን በመባል የሚታወቁት ሕዝቦች ገና አላረሱም፤ የዱር እህል እየለቀሙና እያደኑ ይኖሩ ነበር። ይሁን እንጂ በአንድ ቦታ መቀመጥን ለምደው፣ የድንጋይ መሠረት ያለው ቤት መሥራት ጀምረዋል። ሰዎቹ ረግተው በተቀመጡበት ጊዜ የቤት አይጥ ትበዛለች፤ እንቅስቃሴያቸው በጨመረበት ጊዜ ደግሞ የዱር ዘመዷ ቦታውን ትይዛለች። ተመራማሪዎቹ በደቡብ ኬንያ በሚገኙ የማሳይ አርብቶ አደሮች መንደሮች ባደረጉት ንጽጽርም ተመሳሳይ ሁኔታ ተመልክተዋል። እንግዲህ አይጥን በመጀመሪያ የጠራት ማረሻው ሳይሆን ጎጆው ነው ማለት ይቻላል።

ሰው ለዚህች ያልተጋበዘች እንግዳ ያገኘላት የመጀመሪያ መድኃኒት ድመት ነበረች። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው መቃብር አጠገብ የተገኘው የድመት አፅም 9,500 ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። በደሴቲቱ የዱር ድመት ስላልነበረ፣ ሰዎች በጀልባ ይዘዋት እንደተሻገሩ ይገመታል። «ልትሞት ያለች አይጥ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» የሚለው ተረትም የሁለቱ ጠላትነት በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ምን ያህል የታወቀ እንደሆነ ያሳያል። ነገር ግን ድመት ትጠግባለች፤ ትተኛለችም። ስለዚህ ሰው የማይጠግብና የማይተኛ አዳኝ በእጁ ለመሥራት ተነሣ።

የዚህ ጥረት አንዱ ምስክር ከ1427 እስከ 1432 ገደማ በሠዓሊው በሮበርት ካምፒን ሥራ ቤት እንደተሣለ የሚነገርለትና ዛሬ በኒው ዮርክ የሚገኘው ባለ ሦስት ክፍል ሥዕል ነው። በሥዕሉ ላይ አናጢው ቅዱስ ዮሴፍ በሥራ ጠረጴዛው ላይ የአይጥ ወጥመድ ሠርቶ ይታያል። በ1590 ደግሞ ሌናርድ ማስካል የተባለ እንግሊዛዊ ልዩ ልዩ የአይጥና የሌሎች እንስሳት ወጥመዶችን የሚገልጽ መጽሐፍ አሳተመ።

በ19ኛው መቶ ዓመት ፈጠራው ተፋፋመ። በ1861 በእንግሊዝ አገር የሴልሲ ነዋሪ የነበረው ኮሊን ፑሊንጀር «ዘለዓለማዊ» ብሎ ለሰየመው ወጥመድ የባለመብትነት ማረጋገጫ አገኘ። የገባችው አይጥ በገዛ ክብደቷ ሚዛኑን አጋድላ ወደ ጎን ክፍል ትገባለች፤ ሚዛኑም ለምትከተለው አይጥ ራሱን ያዘጋጃል። በ1882 ደግሞ ጄምስ ዊሊያምስ የተባለ የቴክሳስ ሰው በማዕቀፍ ላይ ሽጉጥ አስሮ፣ እንስሳው ሲረግጠው ቃታውን የሚስብ ወጥመድ አስመዘገበ። መሣሪያው ከበር ወይም ከመስኮት ጋር ከተያያዘ የሚከፍተውን ሰው ሊገድል እንደሚችል እንደ ተጨማሪ ጥቅም ገልጾታል። አይጥን ለማጥፋት የተሠራው መሣሪያ ከአይጢቱ ይልቅ ለቤተ ሰቡ የሚያሰጋ እስከ መሆን ደረሰ።

መፍትሔው የተገኘው ግን ከቀላሉ መንገድ ነው። በኢሊኖይ በምትገኘው በአቢንግደን ከተማ ይሠራ የነበረው ዊሊያም ሁከር በኅዳር ወር 1894 ያስመዘገበው ወጥመድ፣ አንዲት ጠፍጣፋ ጣውላ፣ አንድ ጠምዛዛ ሞላ፣ አንድ የሽቦ ቀስትና አንድ ቃታ ብቻ ነበሩት። በሊድስ ከተማ ጄምስ አትኪንሰን በ1899፣ በፔንሲልቫኒያ ጆን ማስት በ1903 ተመሳሳይ ወጥመዶችን አስመዘገቡ። የአሠራሩ ጥበብ በኀይል አጠቃቀሙ ላይ ነው። ኀይሉን ሞላውን በመወጠር የሚያጠራቅመው ሰው ሲሆን፣ 20 ግራም ገደማ የምትመዝነው አይጥ የምትፈጽመው መልቀቁን ብቻ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ የሚበላሽ ክፍሉ ጥቂት ነው፤ ያልተማረም ሰው ሊያጠምደው ይችላል። ከዚያ በኋላ የመጡት በሺህ የሚቆጠሩ ፈጠራዎች ሊተኩት ያልቻሉት በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

ሜካኒኩ ከደከመበት በኬሚስትሪ የተሞከረው መንገድም ትምህርት ሰጪ ነው። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ካርል ፖል ሊንክና ባልደረቦቹ፣ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ለምን ደማቸው እየፈሰሰ እንደሚሞቱ ሲመረምሩ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ከዚሁ ምርምር የተወለደው ዋርፋሪን በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ለገበያ ቀረበ። የሚገድለው ከቀናት በኋላ በመሆኑ፣ አይጢቱ ሕመሟን ከበላችው ምግብ ጋር አታያይዘውም። ነገር ግን በ1958 በስኮትላንድ መርዙን የሚቋቋሙ ትላልቅ አይጦች ተገኙ፤ ቆይቶም የቤት አይጥ ይህንኑ ችሎታ አሳየች። ከዚያ የበለጠ ብርቱ መርዝ ሲመጣ ደግሞ አደጋው የተመረዘችውን አይጥ ወደሚበሉት ወደ ጉጉትና ወደ ሌሎች አዳኞች ተሻገረ።

ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ብዙም ዝና ያላገኘ ሦስተኛ መንገድ ነበር። የሰሜን ስፔን ገበሬዎች ጎተራቸውን በምሰሶዎች ላይ አቁመው፣ በምሰሶውና በወለሉ መካከል ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስገባሉ፤ አይጥ ምሰሶውን ብትወጣም ድንጋዩን ተገልብጣ ማለፍ አይሆንላትም። የእንግሊዝ ገበሬዎችም የእንጉዳይ ቅርጽ ያላቸውን ድንጋዮች ለዚሁ ጉዳይ ተጠቅመዋል። በኢትዮጵያም ገበሬው ጎተራውን ጠፍሮ፣ በጭቃና በእበት መርጎ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ማስቀመጡ ከዚሁ አስተሳሰብ ጋር የተዛመደ ነው። እነዚህ ሰዎች የባለመብትነት ማረጋገጫ አልጠየቁም። የጠየቁት «አይጢቱን እንዴት እንግደላት?» ብለው ሳይሆን «በየት በኩል ትገባለች?» ብለው ነው።

ጥያቄው ዛሬም ለሕንፃ ባለሙያ የቀረበ ነው። የቤት አይጥ የእርሳስ ውፍረት ባለው፣ 6 ሚሊሜትር ገደማ በሚሆን ቀዳዳ ልትሾልክ ትችላለች። የእርግዝናዋ ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል ነው፤ በአንድ ጊዜም ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ስምንት ትወልዳለች። ስለዚህ የውኃ ቧንቧ ግድግዳውን በሚያልፍበት ቦታ የተተወ ክፍተት፣ ወይም ከወለሉ ከፍ ብሎ የተሰቀለ በር፣ በሺህ ወጥመድ የማይካስ ጉድለት ይሆናል። ያንኑ ክፍተት ሕንፃው ሲሠራ በሲሚንቶ ወይም በጥቅጥቅ የሽቦ ወንፊት መድፈን ግን የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

በየካቲት ወር 2016 በእንግሊዝ አገር በሬዲንግ ከተማ፣ የገጠር ኑሮ ታሪክ በሚታይበት ሙዚየም ውስጥ ሠራተኞች አንድ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። ማጥመጃ ምግብ ባልተደረገበት፣ በቅርስነት በተቀመጠ የፑሊንጀር «ዘለዓለማዊ» ወጥመድ ውስጥ አይጥ ገብታ ሞታለች። መሣሪያው ከተፈለሰፈ 155 ዓመት በኋላም ሥራውን አላቋረጠም ነበር። ዜናውን የሰማ ሁሉ የወጥመዱን ሠሪ አደነቀ። ሆኖም የመሐንዲስ ዓይን ያለው ሰው ከአድናቆቱ ቀጥሎ አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም፤ አይጢቱ ወደ ሙዚየሙ የገባችው በየትኛው ቀዳዳ ነው?