ፈተናው በየትኛው ፊደል ይሁን? የቻይንኛ ሁለት ጽሕፈቶች ታሪክ

በኦገስት 1935 መቀመጫው ናንጂንግ የነበረው የቻይና ብሔርተኛ መንግሥት በትምህርት ሚኒስቴሩ በኩል 324 የቀለሉ ፊደላትን የያዘ ዝርዝር አወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለዝርዝሩ መሠረት የጣሉት ቺየን ሹዋንቶንግ የተባሉ የቋንቋ ሊቅ ሲሆኑ፣ ፊደላቱን ከልባቸው አልፈጠሯቸውም። ነጋዴው በሒሳብ መዝገቡ፣ ባለመድኃኒቱ በማዘዣው ላይ ጊዜ ለመቆጠብ ሲጽፏቸው የኖሩትን አቋራጭ አጻጻፎች ነበር የሰበሰቡት። ተቃውሞው ግን ወዲያው ተነሣ። ከገዢው ፓርቲ አንጋፋዎች አንዱ የነበሩት ዳይ ጂታኦ ነገሩን የአገር ጥፋት አድርገው አዩት። ዝርዝሩ ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላው በፌብሩዋሪ 1936 ተሻረ።

ይህን ማስታወስ ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የቀለለው ጽሕፈት የቤጂንግ፣ ነባሩ ደግሞ የታይፔ ባንዲራ ተደርጎ ይታያል። የቻይንኛ ፈተና የሚያዘጋጁ ተቋማትም ይህ ክፍፍል ከጥንት የነበረ ይመስል በዚያው መሥመር ተሰልፈዋል። የመጀመሪያውን ይፋዊ ዝርዝር ያወጣው ግን ኋላ ወደ ታይዋን የተሻገረው ያው መንግሥት ነው።

ኮሚኒስቶቹ በ1949 ሥልጣን ሲይዙ ከሕዝቡ 80 በመቶ ያህሉ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። በጃንዋሪ 1956 የአገሪቱ መንግሥት 515 የቀለሉ ፊደላትንና 54 የቀለሉ የፊደል ክፍሎችን አጸደቀ። ክፍሎቹ በየፊደሉ ውስጥ እየገቡ ስለሚደጋገሙ፣ በ1964 የወጣው ጠቅላላ ዝርዝር ከ2,200 በላይ ደረሰ። «ፈረስ» የሚለውን ፊደል እንመልከት። በነባሩ ጽሕፈት 10 ጭረት አለው፤ ከሥሩ የተደረደሩት አራት አጫጭር ነጥቦች ከጥንቱ የፈረስ ሥዕል እግርና ጭራ የቀሩ ናቸው። በቀለለው ጽሕፈት 3 ጭረት ብቻ ሲሆን አራቱ ነጥቦች አንድ አግዳሚ መስመር ሆነዋል። «እናት» የሚለው ፊደል ፈረስን ለድምፁ ሲል ስለያዘ እሱም አብሮ ቀለለ። የ«ደመና» ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ከ12 ጭረት ወደ 4 ሲወርድ የተገኘው ቅርጽ ከነባሩ ይልቅ ጥንታዊው ነው፤ ከላዩ የተነሣለት የ«ዝናብ» ምልክት በኋላ ዘመን የተጨመረ ነበር። ስለዚህ አዲሱን ሁሉ አጥፊ፣ ነባሩን ሁሉ ጥንታዊ ማለት ሚዛናዊ ፍርድ አይደለም።

ማቅለሉ ልክ ያለፈበት ጊዜም ነበር። በዲሴምበር 1977 ሌሎች 853 ፊደላትን የሚያቀል ሁለተኛ ረቂቅ ወጣ፤ አንባቢው ግራ ተጋባ፣ ምሁራኑ ተቃወሙ፣ በ1986 ረቂቁ በይፋ ተሰረዘ። በሌላ በኩል ሲንጋፖር ከ1969 ጀምሮ የቀለለውን ጽሕፈት ደረጃ በደረጃ ተቀበለች። ታይዋንና ሆንግ ኮንግ በነባሩ ጸኑ፤ ሕዝባቸውንም በእሱው አስተማሩ። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ መሃይምነትን በማጥፋት ረገድ ከጭረቱ ማነስ ይልቅ የትምህርት ቤቱ መብዛት የላቀውን ድርሻ እንደያዘ ነው።

ወደ ፈተናው እንምጣ። በቤጂንግ የቋንቋ ተቋም ያሉ ምሁራን በ1984 ኤችኤስኬ በሚል ምህጻር የሚታወቀውን የቻይንኛ ችሎታ መመዘኛ ማዘጋጀት ጀመሩ። ዛሬ ወደ ቻይና ዩኒቨርሲቲ በቻይንኛ ለመማር የሚሄድ ተማሪ የሚጠየቀው የዚህን ፈተና ውጤት ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው የኮንፊሽየስ ተቋም የሚማሩ ልጆቻችንም የሚዘጋጁት ለዚሁ ነው። በ2010 በወጣው አደረጃጀት ስድስተኛው ደረጃ እንዲህ ያለ የጽሕፈት ክፍል ነበረው፦ 1,000 ፊደል ያህል ርዝመት ያለው ትረካ ይሰጣል፤ ተፈታኙ ምንም ማስታወሻ ሳይዝ በ10 ደቂቃ ያነበዋል፤ ወረቀቱ ይወሰድበታል፤ ከዚያ በ35 ደቂቃ ውስጥ ታሪኩን በ400 ፊደል አሳጥሮ ይጽፋል። ከባድ ፈተና ነው፤ ያለፈው ሊኮራበት ይገባል። የጥያቄ ወረቀቱ ግን ከመጀመሪያው ደረጃ አንሥቶ በቀለለው ጽሕፈት የታተመ ነው። ይህን ፈተና በጥሩ ውጤት ያለፈ ሰው የታይፔን ጋዜጣ፣ የሆንግ ኮንግን የሱቅ ማስታወቂያ ወይም በ1930ዎቹ ሻንግሃይ ውስጥ የታተመ ልብ ወለድ ሲያነሣ በየመስመሩ ይደናቀፋል።

ታይዋን የራሷን ፈተና በ2003 ጀመረች፤ አሁን ቶክፍል ይባላል። ስለ ነባሩ ጽሕፈት ያን ያህል የተሟገተች አገር ፈተናዋን በሁለቱም ጽሕፈቶች ማቅረቧ በእኔ ዘንድ ትልቅ ክብር ያሰጣታል፤ ተፈታኙ ሲመዘገብ የሚሻውን ይመርጣል። ጽሕፈቱን መምረጥ ግን ነገሩን ሁሉ አይፈታውም፤ የቃላት አጠቃቀሙም ይለያያል። በቤጂንግ ድንች ማለት የሆነው ቃል በታይዋን ብዙ ጊዜ ኦቾሎኒ ማለት ነው። በአሜሪካ ከሜይ 2007 ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሰጠው የኤፒ ቻይንኛ ፈተናም የመጣው በምርጫ መንገድ ነው። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ ተማሪው ምንባቡን በፈለገው ጽሕፈት ያያል፤ መልሱንም በላቲን ፊደል ወይም ታይዋን በምትጠቀምበት የድምፅ ምልክት ሲተይብ ማሽኑ ፊደሉን ያመጣለታል።

አንድ ጥያቄ በሁለት ጽሕፈት ሲቀርብ እኩል ይከብዳል ወይ? ሁልጊዜ አይደለም። «መላክ፣ ማውጣት» የሚለው ፊደል በነባሩ ጽሕፈት 12 ጭረት አለው፤ «ፀጉር» የሚለው ደግሞ 15። በ1956 ሁለቱ ባለ 5 ጭረት አንድ ፊደል ሆኑ። ነባሩን የተማረ ሰው ወደ ቀለለው ሲመጣ ትርጉሙን ከዐውዱ ይለየዋል። ከቀለለው የተነሣው ግን አንዱ ለሁለት ሲከፈልበት የትኛው የትኛው እንደሆነ አዲስ መማር አለበት፤ ፀጉር ቤት ሲከፍቱ በነባሩ ጽሕፈት ለማጌጥ ብለው የተሳሳተውን ፊደል ሰሌዳቸው ላይ የሚጽፉ ባለሙያዎች በቻይና ሞልተዋል። እኛም ፀሐይ ስትወጣ «ሠረቀ»፣ ሌባ ሲወስድ «ሰረቀ» ብሎ የመጻፉን ልማድ ስንተው ምን እንደሚቀልና ምን እንደሚጠፋ ስንከራከር ስለኖርን ነገሩ አይጠፋንም። እንዲህ ባለ ቋንቋ የፈተና ወረቀትን ከአንዱ ጽሕፈት ወደ ሌላው በማሽን መገልበጥ አይበቃም፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ሰው ሊያነበው ይገባል።

በ2009 የታይዋን ፕሬዚዳንት የነበሩት ማ ዪንግጂዮ፣ የዋናው ምድር ሕዝብ በቀለለው እየጻፈ ነባሩን ለይቶ ማንበብ ይልመድ የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። በፖለቲካው በኩል ብዙ ተባለበት። ለውጭ ተማሪ ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አይታየኝም። ከ1956ቱ ለውጥ ዓላማዎች አንዱ በእጅ የሚጽፈውን ሰው ድካም መቀነስ ነበር፤ ዛሬ ተፈታኙ ሲተይብ ባለ 3 ጭረቱም ባለ 10 ጭረቱም ፈረስ እኩል ጣት ነው የሚጠይቀው። የቀረው የንባብ ጉዳይ ነው።

የቤጂንጉ ፈተና በኖቬምበር 2022 ከ7 እስከ 9 ያሉትን ከፍተኛ ደረጃዎች ጀምሯል። ደረጃዎቹ የተዘጋጁት ለማስትሬትና ለዶክትሬት ተማሪዎች፣ ቻይንኛን ሙያቸው ላደረጉ ሰዎች ሲሆን፣ ከማዳመጥና ከንባብ ሌላ ትርጉምም ይፈተንበታል። ነባር መጻሕፍትን፣ መዛግብትንና የመቃብር ድንጋይ ጽሑፎችን ማንበብ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ሰዎች ነው። በዚህ ወረቀት ላይ አንድ ምንባብ፣ አንድ ገጽ እንኳ ይሁን፣ በነባሩ ጽሕፈት ይጨመርበት፤ የቶክፍል ከፍተኛ ደረጃም በነባሩ ለሚፈተኑት እንዲሁ አንድ ገጽ በቀለለው ይስጥ።