የሚጥል በሽታ ጥቃቶች፦ ዓይነቶችና ርዳታ

የሚጥል በሽታ ጥቃት በአንጎል የነርቭ ሕዋሳት ላይ በድንገት በሚፈጠር ከልክ ያለፈ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ሳቢያ የሚከሰት፣ ንቃትን፣ የሰውነት እንቅስቃሴን ወይም የስሜት ሕዋሳትን ለአጭር ጊዜ የሚያውክ ክስተት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው ዓለም አቀፍ ምደባ መሠረት፣ ጥቃቱ ከአንጎል አንድ ስፍራ ወይም ከግራና ቀኝ ክፍሎቹ በአንድ ጊዜ ሊነሣ ይችላል፤ መነሻው ያልታወቀም አለ።

በሰፊው የሚታወቀው ሰውነትን አገትሮ የሚያንዘፈዝፈው ዓይነት ነው፤ ሕመምተኛው ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ አረፋ ሊደፍቅና ሽንት ሊያመልጠው ይችላል። በአብዛኛው በልጆች ላይ የሚታየው የመፍዘዝ ጥቃት ግን ለጥቂት ሴኮንዶች ፈዞ መቅረት ብቻ በመሆኑ፣ በትምህርት ቤት እንደ ቸልተኝነት ተቆጥሮ ያለ ሕክምና ሊቀር ይችላል። ከአንድ ስፍራ የሚነሣው አንድ እጅን ብቻ ሊያንቀጠቅጥ፣ የሌለ ሽታ እንዲሸተው ሊያደርግ ወይም ሰውየውን አደናግሮ ከንፈሩን ሊያስመጠምጥ ይችላል። ዓይነቱን መለየት ለመድኃኒት ምርጫ ወሳኝ ነው፤ ካርባማዜፒን ከአንድ ስፍራ ለሚነሣው ሲረዳ የመፍዘዝ ጥቃትን ሊያባብስ ይችላል። ፌኖባርቢታል የተባለው መድኃኒት ደግሞ ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያገለግላል። መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ለተራዘመ ጥቃት ሊዳርግ ይችላል።

ጥቃት ሲደርስ የሚጎዱ ነገሮችን ማራቅ፣ ከራስ ሥር ለስላሳ ነገር ማኖር፣ ሰዓት መያዝና መንዘፍዘፉ ሲቆም በጎን ማስተኛት ይገባል። አፍ ውስጥ ምንም አይከተትም፤ በኃይል ጨምድዶ መያዝም ይጎዳል። በኢትዮጵያ የተለመደው ክብሪት ጭሮ ማሽተት ጥቃቱን አያቆምም። ከ5 ደቂቃ ያለፈ ወይም ንቃት ሳይመለስ የተደጋገመ ጥቃት አስቸኳይ ሕክምና ይሻል።