ማዕበሉና ሕፃናቱ፦ ከባንግላዴሽ የዐውሎ ነፋስ ታሪክ

ኖቬምበር 12 ቀን 1970 ሌሊት (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የተነሣ ኃይለኛ ዐውሎ ነፋስ የባሕሩን ውሃ ከፊቱ እየገፋ፣ በዚያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን ይባል የነበረውን የዛሬውን የባንግላዴሽ ጠረፍ መታ። አገሩ በታላላቅ ወንዞች ደለል የተሠራ ለጥ ያለ ሜዳ በመሆኑ፣ ውሃውን የሚያግድ ኮረብታም ሆነ ሰው የሚሸሽበት ጉብታ አልነበረውም። የድኻው ቤት ከቀርከሃ፣ ከሣርና ከጭቃ የተሠራ ነበር። በዚያ አደጋ ያለቀው ሕዝብ 300,000 ያህል እንደሚደርስ ይገመታል።

ከአደጋው በኋላ በዳካ የኮሌራ ምርምር ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች የሞተውንና የተረፈውን በጥናት መረመሩ። የደረሱበትም ውጤት በ1972 ታተመ። ከአሥር ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛ ያህል ሲሆኑ፣ ከሟቾቹ ግን ግማሽ ያህሉ እነርሱ ሆነው ተገኙ። ሐኪሞቹ ከዚህም ሌላ በተረፉት ሰዎች ደረትና ክንድ፣ በጭናቸውም የውስጥ ገጽ ላይ ተመሳሳይ የሆነ የመላላጥ ቁስል ተመለከቱ። ሰዎቹ ማዕበሉ እስኪያልፍ የዛፍ ግንድ አቅፈው የቆዩ ነበሩ። የሕፃን ክንድ ግን ግንድ አቅፎ አይዘልቅም። ስለ ሕፃናቱ አሟሟት ከዚህ ቁስል የበለጠ የሚናገር ምስክር አይገኝም።

ቀጥሎ ያለው ግኝት ከተለመደው አስተሳሰብ ጋር የሚቃረን ነው። ከጎርፍ በኋላ ወረርሽኝ መከተሉ የማይቀር መስሎ ቢፈራም፣ አጥኚዎቹ በተረፈው ሕዝብ ላይ ይህ ነው የሚባል ወረርሽኝ አላገኙም። አብዛኞቹ ሕፃናት ያለቁት በማዕበሉ ነው። ስለዚህ ከመድኃኒቱ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ከውሃው በላይ የሆነ ወለል ነበር፤ ይህም ከሐኪሙ ይልቅ የመሐንዲሱ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ወለሉ በሚበቃ መጠን አልተሠራም። በ1972 የሳይክሎን ዝግጅት ፕሮግራም ተቋቁሞ በጎ ፈቃደኞች በየመንደሩ ማስጠንቀቂያ ማሰማት ቢጀምሩም፣ ማስጠንቀቂያ የሰማ ሰው የሚገባበት ሕንፃ ጥቂት ነበር። ኤፕሪል 29 ቀን 1991 በቺታጎንግ አካባቢ የደረሰው ዐውሎ ነፋስ 138,000 ያህል ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ በ1,123 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከአርማታ ወይም ከጡብ ወደ ተሠራ ሕንፃ ከገቡት አንድም ሰው አልሞተም፤ ካልገቡት ግን 22 በመቶው አልቀዋል። ከአሥር ዓመት በታች ከነበሩት ሕፃናት የሞቱት 26 በመቶ ነበሩ። የመዋቅር ስሌት ለሚሠራ ሰው ከዚህ ይበልጥ ግልጽ የሆነ ቁጥር እምብዛም አያጋጥመውም።

ከዚያ ወዲህ በጠረፉ ላይ የተሠሩት አያሌ መጠለያዎች ማዕበሉ ከሥራቸው እንዲያልፍ በዓምድ ላይ የቆሙ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ በደኅናው ቀን ትምህርት ቤት ሆነው ያገለግላሉ። ብልህ አሠራር ነው። ባዶውን የሚቆም ሕንፃ ጠባቂና ጥገና ያጣል፤ ልጅም በየቀኑ የሚመላለስበትን መንገድ በጨለማ እንኳ አይስተውም። በኖቬምበር 2007 ሲድር የተባለው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ የሟቾቹ ቁጥር 3,400 ያህል ነበር።

የውሃው ነገር ግን እንዲህ ቀና አልሆነም። ተቅማጥ ዐውሎ ነፋስ ሳይጠብቅ ዓመቱን ሙሉ ሕፃናትን ይገድል ነበር። በኢትዮጵያ «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» የሚባለው የጨውና የስኳር ውህድ በአብዛኛው በዳካና በካልካታ በተደረገ ምርምር የተገኘ ሲሆን፣ በ1971 ጦርነት የተሰደዱት ሰዎች በሰፈሩበት በቦንጋኦን ብዙዎችን ከኮሌራ ሞት አድኗል። በሽታውን ከምንጩ ለመከላከል ደግሞ መንግሥትና ዩኒሴፍ የኩሬ ውሃ ይጠጣ ለነበረው የገጠር ሕዝብ የእጅ ፓምፕ የተገጠመላቸው ጉድጓዶች በብዛት አስቆፈሩ። ውሃው ከጀርም የጸዳ ቢሆንም አርሴኒክ እንዳለበት አልተመረመረም ነበር። በ1993 ከደለሉ የመነጨ አርሴኒክ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ መኖሩ ተረጋገጠ። ከዚያም ጉድጓዶቹ እየተመረመሩ ደኅናው አረንጓዴ፣ የተበከለው ቀይ ቀለም ተቀባ። አርሴኒክ መልክም ሽታም ጣዕምም ስለሌለው፣ ውሃ ቅጂ ተብላ የተላከች ልጅ ሁለቱን ጉድጓዶች የምትለየው በዚያ ቀለም ብቻ ነው፤ ቀለሙም በፀሐይና በዝናብ ይለቃል።