ጨለማው ባዶ አይደለም፦ ከዋክብት የሚወለዱባቸው ጥቋቁር ደመናዎች

ዛሬ ከሐይቅና ከአምባሰል ሰማይ ላይ ስለሚታየው ጨለማ እናወራለን። አዎ፣ ስለ ከዋክብቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ጨለማውም!

ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከመብራት ራቅ ብላችሁ ቀና ብትሉ፣ ፍኖተ ሐሊብ እንደ ፈሰሰ ወተት ተዘርግቶ ታያላችሁ። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን መሃል መሃሉ ላይ ጥቁር ቦታ አለው። «እዚያ ጋ ኮከብ የለም» እንል ይሆናል። ነገሩ ግን እንደሱ አይደለም። የአምባሰልን ተራራ ጉም ሲሸፍነው ተጋረደ እንጂ ጠፋ አንልም። እዚህም የጋዝና የብናኝ ደመና ከኋላው ያሉትን ከዋክብት ጋርዷቸው ነው።

ከእነዚህ ደመናዎች ትንንሾቹ «ቦክ ግሎቡል» ይባላሉ። ስማቸው የመጣው ከሥነ ፈለክ ተመራማሪው ባርት ቦክ ነው። ቦክ ከኢዲት ራይሊ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1947 እነዚህ ደመናዎች የከዋክብት መወለጃ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ማረጋገጫው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ብናኙን አልፎ በሚመጣው የኢንፍራሬድ ጨረር ሲታዩ፣ በብዙዎቹ ውስጥ ገና በመወለድ ላይ ያሉ ከዋክብት ተገኙ።

ኮከብ እንዴት ይወለዳል?

ብናኙ የውጭውን የከዋክብት ብርሃን ስለሚከለክል ደመናው ውስጡ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል። ጋዝ ሲቀዘቅዝ ወደ ውጭ የመግፋት ኃይሉ ይደክማል። ያኔ የደመናው የራሱ ስበት ያሸንፍና ወደ መሃል መደርመስ ይጀምራል። መሃሉ እየታመቀ፣ እየጋለ ይሄዳል። ሙቀቱ ወደ 10 ሚሊዮን ዲግሪ ሲደርስ ሃይድሮጂን ወደ ሂሊየም መለወጥ ይጀምራል፤ ኮከቡ በራሱ ጉልበት በራ ማለት ነው። ዙሪያውን ከሚሽከረከረው ትርፍ ጋዝና ብናኝ ደግሞ ፕላኔቶች ይሠራሉ።

ገና ኮከብ ያልወለደም አለ። ባርናርድ 68 የሚባለው ከእኛ ወደ 500 የብርሃን ዓመት ርቆ ይገኛል። ስፋቱ ግማሽ የብርሃን ዓመት፣ ክብደቱ የፀሐይን እጥፍ ያህል ነው።

ከእኛ ሰፈር ምን ይታያል?

ቦክ ግሎቡሎች ያለ ቴሌስኮፕ አይታዩም። ትልቁን ዘመዳቸውን «የከሰል ጆንያ»ን ግን በዓይናችን ማየት እንችላለን። በግንቦት መጀመሪያ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ወደ ደቡብ ዙሩ። ከአድማሱ ብዙም ከፍ ሳይል የደቡብ መስቀል የሚባሉት አራት ከዋክብት ይታያሉ። አጠገባቸው ያለው ጥቁር ጠጋ እሱ ነው።

ይህን ለማየት ግን ጨለማ ያስፈልጋል። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ቢኖሩም፣ ከሥራቸው የአዲስ አበባ መብራት አለ። ለዚህም ነው ለሌላ ትልቅ የምርምር ጣቢያ የላሊበላ አካባቢ ተራሮች የታሰቡት። እኛ ደጃችን ላይ ያለው የጠራ ሌሊት ሀብት ነው። መብራት ይግባልን፣ ይስፋልን፤ ግን አምፖሉን ወደ መሬት እናዙረው፤ ሰማዩ ለልጆቻችንም ይትረፍ።